መፍቻ እኔ ነበርኩ

የሰፈራችን ትምህርት ቤት በየዓመቱ በሚያባዛው መጽሔት መጨረሻ ገጾች ላይ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይወጣል። ዘንድሮ የተመረጠችው ሰፈሩ በሥራዋ ፎቶ ኮፒ ብሎ የሚጠራት ልጅ ናት። ጻፍ የተባልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ዳይሬክተሯ «ከእርስዎ በላይ የሚያውቃት የለም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ሰው ወዳጁን ዝም ብሎ ይወደዋል፣ የሚቀናበትን ግን ያጠናዋል። እኔ ይህችን ልጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታስነጥስ ሳይቀር አውቃለሁ።

ስለዚህ ከመወለዷና ከማደጓ በፊት ቅናቴን ላስቀድም። አንባቢ ምን ዓይነት ሰው እያወራው እንደሆነ ይወቅ።

ሥራዬ ኮምፒዩተር ጥገና ነው። እናቴ ባወጣችልኝ ስም የምትጠራኝ ባለቤቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ሌላው የሰፈር ሰው ሁሉ ጋሼ መፍቻ ነው የሚለኝ፤ ወይም ይለኝ ነበር።

ስሙን ያገኘሁት በሥራዬ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ሊኑክስ መጫን ጀመርኩ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው፣ ለደከመ ማሽን ይመቻል፣ ቫይረስም እምብዛም አይደፍረውም። አንድ ጣጣ ግን ነበረበት። ሰውየው ደስ ብሎት ኮምፒዩተሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ቪዲዮ ይከፍታል፣ ድምፅ እንጂ ምስል የለም፤ አንዳንዴም ሁለቱም የሉም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ የሚቀመጠው ታጥፎ ታሽጎ ነው፤ ሲታይ የሚፈታው ኮዴክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ከኮዴኮቹ አንዳንዶቹ የኩባንያ ንብረት ስለሆኑ ከሊኑክስ ጋር አብረው አይመጡም። ባለቤቱ ራሱ በኋላ ፈልጎ፣ በውሉ ተስማምቶ ነው የሚጭናቸው። ይህን ሁሉ ለደንበኛ ከማስረዳት «ቪዲዮው መፍቻ የለውም፣ ነገ ይምጡና አስገባልዎታለሁ» እል ነበር። ቃሉ ሰው አፍ ውስጥ ገባ። ዓመት ሳይሞላ መፍቻው እኔው ሆንኩ።

መፍቻ ማስገባት ደግሞ ሥርዓት ነበረው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት እከፍታለሁ። የፕሮግራም ዝርዝሩን የሚያድሰውን ትእዛዝ እጽፋለሁ፤ ሲያልቅ ያንኑ ትእዛዝ ሁለተኛ እጽፋለሁ። ከዚያ የመጫኛውን። መሀል ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኩባንያ ውል ስክሪኑን ሙሉ ይሸፍነዋል። ከሥር «እሺ» የሚል ቃል አለ፤ ግን ማውሱ አይታዘዝም፣ ኢንተርም ቢመቱት ቢመቱት አይሰማም። ስንቱ ጎበዝ ነኝ ባይ እዚያ ላይ ተቀርቅሮ ቀርቷል። መውጫው ታብ የምትባለውን ቁልፍ አንዴ ነክቶ «እሺ»ው ላይ ማረፍ፣ ከዚያ ኢንተር መምታት ነው። በቃ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተከበርኩት በአንዲት ታብ ነው። ስነካትም በግራ ትንሿ ጣቴ ነበር፣ በቀኝ እጄ ስክሪኑን እየጠቆምኩ፣ ደንበኛው ወደ ላይ ሲያይልኝ። በምን እንደተስማማ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። እኔም ውሉን አንብቤው አላውቅም።

አሁን ወደ እሷ ልምጣ።

ፎቶ ኮፒ የተወለደችው እዚሁ ሰፈር ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሥሯ ሦስት ወንድሞች አሉ፤ የሦስቱንም የቤት ሥራ የምታሠራው እሷ ነበረች። ይህም ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ውጤት በሁለት ነጥብ ሳተችው። ያኔ ከልቤ አዘንኩላት። ሰው ከበታች ሲሆን ለማዘን ማን ያንሳል? አከራዬ የፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝተው ክፍሌን በኮምፔርሳቶ ለሁለት ሲከፍሉት፣ «ሠራተኛ ከፈለጉ አንዲት ጨዋ ልጅ አውቃለሁ» ብዬ ያገናኘኋት እኔ ነኝ። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሁለት ነገር ልብ አላልኩም። አንደኛ፣ ኮምፔርሳቶው ከፍታው እስከ ትከሻ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ይህች ልጅ ኮፒ የምታደርገውን ሁሉ ታነባለች። ማሽኑ አንድ ገጽ እስኪተፋ ድረስ ዓይኗ ሥራ ይፈልጋል። የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የውኃ ቧንቧ መመሪያ፣ የመጣውን ታነባለች። አንድ ጊዜ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አራት መቶ ገጽ የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ ኮፒ ሊያስደርግ አመጣ። ተማሪው ወስዶ ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ እሷ ግን በአራት ቀን እንደቆመች ጨረሰችው። የተበላሸ ኮፒ አትጥልም። በአራት ቆርጣ፣ በእናቷ ስፌት ክር ሰፍታ ደብተር ትሠራበታለች፣ ጀርባው ባዶ ነው አይደል። ያ ደብተር እስከ ዛሬ ከጋውኗ ኪስ አይለይም።

ከኮምፔርሳቶው በላይ አንገቷን አስግጋ ስትጽፍ አይቻታለሁ። «ምን ትጽፊያለሽ?» ስላት «ምንም ጋሼ፣ እንዳልረሳው ነው» ትለኛለች። የጠየቀችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ማደሻውን ለምን ሁለቴ ይጽፉታል?»

«ሁለቴ ነዋ! የሚጻፈው ሁለቴ ነው» አልኳት፣ ሥራ እንደሚያስፈቱት ሰው ተቆጥቼ።

«እሺ ጋሼ» አለችና ጻፈችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰብኝ በመንጋጋዬ ምክንያት ነው። አብጦ አላስተኛ ሲለኝ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያን ጧት የባዮሎጂ አስተማሪው የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተር በትከሻው ተሸክሞ መጣ። የልብን አሠራር የሚያሳይ ቪዲዮ ነበረው፤ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ የልቡ ምት ይሰማል፣ ልቡ ግን አይታይም። እኔ የለሁም። ፎቶ ኮፒ ደብተሯን አውጥታ በስድስት ደቂቃ መፍቻ አስገባችለት። እኔ ሃያ ነበር የሚፈጅብኝ፤ መሀል ላይ መነጽሬን አውልቄ እጠርጋለሁ። ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ስሜን አስነቅዬ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ የባዮሎጂው መጥተው ነበር፣ ሠራሁላቸው። ቅር አይልዎትም አይደል?» አለችኝ ስመለስ።

ጉንጬ በጥጥ ተወጥሮ ስለነበር መናገር አልቻልኩም። ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወረቀት እየደረደረች «ሰው እንዴት ለአንዲት ታብ ብሎ ኮምፒዩተር ይሸከማል?» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለማሽኑ። ታብ የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ የከፈትኩትን የምሳ ዕቃ መልሼ ዘጋሁት። ቅናት መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። የጠገብኩ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ በትምህርት ቤቱ አርባ ኮምፒዩተሮች ላይ ፎቶ ኮፒ የሠራቻት አንዲት አረንጓዴ ምልክት ታየች። ምልክቷን ሲነኳት መስኮት ይከፈትና በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ቪዲዮ እንዲከፈት የኩባንያ ንብረት የሆነ ኮዴክ ያስፈልጋል። ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ኩባንያው አያሳይም። ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። ካልፈለጉ ይተዉት፤ በነፃዎቹ ኮዴኮች የሚከፈቱት ቪዲዮዎች መከፈታቸውን ይቀጥላሉ። ይጫን?» ከሥር «ይጫን» እና «ይቅር» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ጥቁር መስኮት የለም፣ ታብ የለም፣ እኔ የለሁም። ተማሪው ራሱ ጣቱ ላይ ከረሜላ እንደተጣበቀ ይጭነዋል።

ይህንንስ በቻልኩት ነበር። ዓይኔ ደም የለበሰው ከምልክቷ ሥር የተጻፈውን ስም ሳይ ነው። «መፍቻ» ይላል።

በማግስቱ ኮምፔርሳቶውን በእጄ መታ መታ አደረግኩ። «ስሙን ከየት አመጣሽው?»

«ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ ጋሼ» አለችኝ፣ ምንም ሳትደነግጥ። «ኮዴክ ብለው እናቴ እንኳን አትነካውም። መፍቻን ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«እና እኔ ማን ልባል?»

ቀና ብላ የምሯን አሰበች። «እርስዎማ ጋሼ ነዎት» አለችኝ።

ጋሼ! በዚህ መንገድ ላይ ጋሼ ያልሆነ ወንድ አለ? ጫማ የሚጠግነውም ጋሼ ነው። በዚያው ሳምንት በዳቦ ቤቱ በኩል ሳልፍ ከኋላዬ «መፍቻ! መፍቻ!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ደስ ብሎኝ ዞርኩ። የሒሳብ አስተማሪዋ ናት፣ ጓደኛዋን ነው የምትጠራው። «መፍቻ ፍላሽሽ ላይ አለ? ለወንድሜ ስጪኝ እስቲ!» ትላለች። እኔን ስታይ «እንዴት ዋሉ ጋሼ» ብላ ፍላሹን ተቀብላ ሄደች። ስሜ በሰው ኪስ ገብቶ ሲሄድ እያየሁ ዳቦውን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

«ስሜን ሰረቀችኝ» አልኳት ባለቤቴን።

«የትኛውን? እናትህ ያወጡልህ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ማንም አልነካው።»

«ትቀልጃለሽ አይደል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ልጅ ምቀኛ አታሳጣኝ ብላ ሳትጸልይ አትቀርም። ይኸው ከኮምፔርሳቶ ማዶ ሰጣት።»

ዞር ስል የእሷ ላፕቶፕ ላይም አረንጓዴዋ ምልክት ተቀምጣለች። «አንቺም!» አልኳት። «አንተን ስጠይቅህ ቅዳሜ ትለኛለህ፤ ስንት ቅዳሜ አለፈ?» አለችኝና ፊልሟን መመልከት ቀጠለች። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር።

ሦስት ሳምንት እንከን ፈለግኩ። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ጊዜው ሞልቶኛል፤ ስልኬ ጸጥ ብሏል። በመጫን መሀል የኢንተርኔቱን ሽቦ ነቀልኩባት። መስኮቷ «መስመሩ ተቋርጧል፤ ሲመለስ ከቆመበት እቀጥላለሁ» አለችኝ፣ ሲመለስም ቀጠለች። ቁልፏን አሥር ጊዜ ደጋግሜ መታኋት። «አንዴ ይበቃል» አለችኝ። በመጨረሻ የፕሮግራሙን ጽሑፍ በጥቁሩ መስኮት ከፍቼ በየመስመሩ ማንበብ ጀመርኩ። አልደበቀችውም፣ ለማንም ክፍት ነው። ትእዛዞቹን አውቃቸዋለሁ። በመሀል በመሀል ግን ባዶ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ተበላሽቶ የተረፈ ነገር መሰለኝ። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ስደርስ ዝርዝር ማደሻው ትእዛዝ አለ። አሥራ ስምንተኛው ላይም ያው ትእዛዝ አለ!

«አገኘሁሽ!» ብዬ ጮህኩ።

«አቤት ጋሼ?» አለች ከማዶ።

«ምንም! ሥራሽን ሥሪ!»

አንባቢ አሁን እየሳቀብኝ ይሆናል። እኔ ግን እምላለሁ፣ የራሴ መሆኑ ትዝ አላለኝም። ጣቴ የለመደውን ነገር ዓይኔ ልብ ብሎ ማየት ከተወ ቆይቷል፤ የዚያን ቀን ደግሞ ዓይኔን የያዘው ቅናት ነበር። በደስታ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገስኩ።

ዳይሬክተሯ ረጋ ብለው ሰሙኝ። «እውነት ሥራው እንከን ካለበት ከአርባውም ላይ እናነሳዋለን» አሉ። «እንደ ድሮው እርስዎን እንጠራለን፤ ስሙም ይመለስልዎታል። ግን እሷም ባለችበት ያሳዩን።» ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ነገ አራት ሰዓት ተባለ። ያን ቀን ጢሜን ሁለት ጊዜ ተላጨሁ።

በቀጠሮው የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ አራት ሆንን፤ ዳይሬክተሯ፣ የባዮሎጂ አስተማሪው፣ እኔና እሷ። ጋውኗን ሳታወልቅ ነው የመጣችው፣ ጣቶቿ ላይ የማሽኑ ቀለም አለ። ከትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ጽሑፉ ተከፍቶ ጠበቀን። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ስክሪኑን ሳላይ፣ ሰዎቹን እያየሁ ክሴን አሰማሁ።

«አንደኛ፣ ሥራው ቆሻሻ ነው። በየመሀሉ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። ሁለተኛ፣ አንዱን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች። አንድ ትእዛዝ ያለ ምክንያት ሁለቴ የሚጽፍ ሰው ሥራውን አያውቅም። እጁ የሚያደርገውን ጭንቅላቱ የማያውቅ ሰው ነው!»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ሳጥኑ የታለ?» አሉ።

ዞርኩ። ሳጥን የለም። ለካ በዚህ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ላይ የአማርኛ ፊደል ጭናባቸዋለች፤ የእኔ አሮጌ ማሽን ጥቁር መስኮት ውስጥ ግን አማርኛ የለም። የሰው ኮምፒዩተር ስጠግን የራሴን ሳልጠግን ኖሬአለሁ። ሳጥኖቹ በነበሩበት ሁሉ አሁን ግራጫ የአማርኛ ማስታወሻ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ለሰው የተጻፈ።

«እኔ የኮምፒዩተሩን ቋንቋ አላውቅም፣ አማርኛውን ግን አያቅተኝም» አሉና ከአሥራ ሰባተኛው መስመር በላይ ያለውን ጮክ ብለው አነበቡት። «ማደሻው ሁለቴ ነው። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ጋሼ መፍቻ ያውቃሉ።»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚሉት አባባል ትዝ አለኝ። አርቄ ቆፍሬ ነበር።

«ታዲያ ለምንድን ነው?» አሉኝ ዳይሬክተሯ፣ ለማፌዝ ሳይሆን የምራቸውን ማወቅ ፈልገው።

ጎኔ የቆመችው ፎቶ ኮፒ ያቺን በክር የተሰፋች ደብተሯን ገልጣ ይዛለች። በዓይኔ ጥግ አየሁት። ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ተደርድሯል፣ ከየቁጥሩ ጎን «አንዴ፦ ይሠራል። ሁለቴ፦ ይሠራል» የሚል አለ። አርባውንም ኮምፒዩተር ሞክራቸዋለች። ሁለተኛው መስመር ከንቱ መሆኑን ታውቃለች፤ ማስረጃውንም ይዛ መጥታለች። አፏን ብትከፍት ኖሮ አለቀልኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እከፍት ነበር።

«ለጥንቃቄ ነው» አልኩ።

«አሁን ስህተት ነው አላሉም እንዴ?» አለ የባዮሎጂ አስተማሪው።

«ስህተት ያልኩት...» መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። «ምክንያቱ አለመጻፉን ነው።»

ፎቶ ኮፒ ደብተሯን ዘግታ ኪሷ ከተተችው። «እውነታቸውን ነው» አለች። «መጻፍ ነበረብኝ።» ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እኔ አላውቅም» የሚለውን አጥፍታ በቦታው «ለጥንቃቄ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እንዲህ ይበቃል ጋሼ?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ፌዝ ፈለግኩ። አጣሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የምቀናው በችሎታዋ ነበር። አሁን በጨዋነቷም እቀናለሁ፣ ይህኛው ደግሞ ይብሳል። ችሎታውንስ ቆሜ ብማረው አራት መቶ ገጽ ነው። ያን ደብተር በዚያች ሰዓት መዝጋትን ግን ከየት ነው የምማረው?

ዳይሬክተሯ መምህርና ተማሪ ተስማሙ ብለው ደስ አላቸው። አረንጓዴዋ ምልክት ባለችበት ቀረች፣ ስሙም ከእሷ ጋር ቀረ። እኔ ጋሼ ሆኜ ወጣሁ። በር ላይ አስቁመው ነው የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ ያዘዙኝ። እሺ ያልኩት አንዲት ምክንያት ስላለችኝ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሊኑክስ በጫንኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ማደሻውን ጻፍኩና እምቢ አለኝ። ደግሜ ጻፍኩት፣ ሠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቴ ነው። ዓመት ቆይቶ ጠረጴዛዬን ሳንቀሳቅስ የኢንተርኔቱ ሽቦ ልል እንደነበር አየሁ፤ ለካ ያን ቀን በሁለቱ መሀል ሳላውቅ በእግሬ ገፍቼው ኖሯል። ያኔ መተው ነበረብኝ። ግን ሁለቴ ስጽፍ ደንበኛ ፊት ከበድ ያለ ሥራ ይመስላል፤ እኔም ወደድኩት።

ይህን መጽሔት የምታባዛው ፎቶ ኮፒ ናት። ማሽኑ እስኪተፋው ድረስ ይህን ገጽ ማንበቧ አይቀርም። ስለዚህ እዚሁ ልንገራት። ልጄ፣ ለጥንቃቄ አይደለም። አሥራ ስምንተኛው መስመር ምንም አይሠራም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። አጥፊው። አሥራ አንድ ዓመት ስሸከመው የኖርኩትን አንቺ አንድ ቁልፍ ነክተሽ ታጠፊዋለሽ።

እሱም ያስቀናኛል።